በማጭዱ ሆድ ውስጥ

በረዶ ከልካዩ ደሳለ ከኮን ከተማ በላይ ባለው ጓሳ ሣር የለበሰ ጉብታ ላይ ራሱ ተፈንክቶ፣ በበረዶ ክምር ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ደመና በጠቆረ ቁጥር ብቻውን ወጥቶ በረዶውን ከሰው ማሳ የሚመልስ ሰው ነበርና አገሬው «ሲያዘው የኖረው ሰማይ በላው» አለ። ከዚያ ወዲያ ነጎድጓድ በሩቅ ባጓራ ቁጥር የሟቹን ድምፅ የሰሙ እየመሰላቸው አማተቡ።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር የትናየት ስትደርስ ሚስቱ አገሬ ሬሳውን ይዛ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ተቀምጣለች።

«መምሬ ገብረመስቀል ፍትሐት ከለከሉኝ፣ እቴ። ቁጣ የወረደበት ከቅጽሩ አይገባም አሉ። እኔ ግን ሳይፈታ አላስቀብረውም፤ ከዚህም አልነሣ!»

«በረዶው ሲመታው ማን አየ?»

«እኔ» አለ ጎረቤቱ አዝመራው። «ከታች ከማሳዬ ዳር ሆኜ፣ ሲቀጠቅጠው በዓይኔ አየሁ።»

«ልትረዳው አልወጣህም?»

«እሱ ቆሞ ሳለማ ማን ይወጣል? ሰው ከተጠጋው የመከልከል ኃይሉ ይሽርበታል። እግሬም አልረገጠው!»

የትናየት ጉብታው ላይ ወጣች። ጓሳው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሬሳው ከነበረበት ብቻ በረዶ ሟሙቶ ጭቃ ሆኗል። ከጭቃው አንድ ነገር አንሥታ በመሐረቧ ቋጠረች። ነፋሱ ከኋላዋ እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ ዞር ሳትል ወረደች።

ሁሉንም አጥሩ ሥር ሰበሰበችና አንድ የአየር ትንበያ ባለሙያ በስልክ የላከላትን የራዳር ምስል አሳየቻቸው።

«ቀዩ ከባድ ዝናብና በረዶ ነው። ጅራቱ እንደ ማጭድ መታጠፉን አያችሁ? ደመናው በራሱ ላይ እየዞረ ነበር ማለት ነው። በማጭዱ ሆድ ያለው ባዶ ደግሞ ነፋሱ ወደ ላይ የሚመጠጥበት ነው፤ በረዶ አይወርድበትም። ጉብታው ይኸው፣ ባዶው ውስጥ። ተከታዮቹንም ምስሎች እዩ፤ ቀዩ በማሳው በኩል አለፈ እንጂ ጉብታውን አልነካውም።»

«ታዲያ ያ ሁሉ በረዶ ከየት መጣ?» አሉ መምሬ።

«ሰው ተሸክሞት ወጣ፣ አባ።» መሐረቧን ፈታች። አረንጓዴ የገብስ እሸት። «ጉብታው ላይ ገብስ አይዘራም። የሌላው ገብስ ነጥቶ ታጭዷል፤ ዘግይቶ የዘራው አንድ ሰው ነው። በደረቅ መሬት በረዶ ገደለው ቢባል ማን ያምናል? ከማሳው አፍሶ ሬሳውን አለበሰው። አዝመራው፣ እግርህ አልረገጠውም አላልክም?»

አዝመራው ወደ ሬሳው እጁን ዘረጋ።

«ያ ገብስ የልጆቼ ጉሮሮ ነበር! ዶግ አመድ ሲሆን ልጮህበት ወጣሁ። ጋቢውን ጠብታ አልነካውም! በረዶው ዙሪያውን ይዞራል፣ እሱ ደረቅ ላይ ቆሟል። ለራሱ ከልክሎ ለእኔ የላከው መሰለኝ… ዱላውን ከእጁ ነጠቅሁና በዚያው መታሁት።»

አገሬ ምስሉን፣ ያቺን ቀይ ያልነካት ባዶ ቦታ፣ ብዙ አየች።

«አባ» አለች፣ «ሰማዩማ ምሮት ነበር።»

መምሬ ገብረመስቀል አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ራሳቸው ሄደው የአጥሩን በር ከፈቱላት።

ደወሉ ሲደወል ነጎድጓድ መለሰ። ወደ ጉብታው ቀና ብሎ ለማየት የደፈረ አልነበረም።