የእንግዳው ደም

ደብሪቱ ያደታን ያወቀችው ከቡሬ ወደ መቱ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ታናሽ ወንድሟ እንግዳው የረዳቱ ጩኸት አስደንግጦት እጁን እያርገበገበ አንዲት ቃል ይደጋግም ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ ፊቱን አዞረ። ከኋላቸው የተቀመጠ ወጣት ብቻ ተነስቶ መስኮቱን ከፈተላቸው።

መቱ ሲወርዱ ወጣቱ ቀስ ብሎ ጠየቃት። «በእናትሽ ወገን እንደሱ ያለ ሌላ ወንድ ነበር?»

ደነገጠች። አጎቷ እንደ እንግዳው ነበር። ቤተሰቡ ከወሎ በሠፈራ በመጣ በዓመቱ ሶር ወንዝ ወሰደው፤ ስሙ በቤታቸው አይነሳም።

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። ባዮሎጂ አስተምራለሁ።»

መጀመሪያ ስለ እንግዳው ሊያወሩ ተገናኙ። በኋላ እንግዳውን ሳያነሱ የሚመሽባቸው ቀን በዛ።

የእንግዳው ደም ለምርመራ ውጭ አገር ተልኮ ውጤቱ በክረምት መጣ። ያደታ አስረዳት።

«ዲኤንኤ ውስጥ ሳይቶሲን የሚባል ፊደል አለ። ሜቲል የምትባል ትንሽ ነገር ስትለጠፍበት ጂኑ ሥራ ያቆማል። ሰውነታችን የማይፈልገውን ጂን ዝም የሚያሰኘው በዚህ ነው። እንግዳው ላይ ግን አንጎሉ የሚፈልገውን ጂን ዝም አሰኝታዋለች።»

«የተለጠፈበት ይነሳለታል?»

«እስካሁን መድኃኒት የለውም።»

ቀጥሎ ሊላት የፈራውን እሷው ቀደመችው። «እኔስ?»

የእሷም ደም ተላከ። ደብሪቱ ጤነኛ ናት፤ ነገር ግን ታስተላልፋለች። ወንድ ብትወልድ እንደ እንግዳው የመሆን ዕድሉ እስከ ግማሽ ይደርሳል።

ወሬው የያደታ እናት አዴ ተጂቱ ጆሮ ሲደርስ ጂኑ ጂኒ ሆኖ ነበር። «ጂኒ ያለበት ቤት ልጄ አይገባም» አሉ። ደብሪቱ ይህን ሰምታ ስልኳን ዘጋችና ኖፓ ከተማ ወደምትኖረው አክስቷ ሄደች።

ያደታ በዝናብ ተከትሏት መጣ። ከልብሱ ውሃ እየተንጠባጠበ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«እናትህን አልፈራም» አለችው። «የምፈራው አንተን ነው። ልጄን ባየኸው ቁጥር ምልክት ትፈልግበታለህ።»

«አልፈልግበትም» ቢላት ኖሮ በሩን ትዘጋበት ነበር።

«እፈልግበታለሁ» አለ። «የማውቀውን አላውቅም ማለት አልችልም። እፈራለሁም። ብቻዬን ከምፈራ ግን ካንቺ ጋር ልፍራ።»

ፎጣ አመጣችለት።

በጥር ተጋቡ። አዴ ተጂቱ ሠርጉ ላይ አልተገኙም።

በሁለተኛው ክረምት አዋላጇ «ወንድ ነው» አለች። ያደታ ልጁን ታቅፎ ወደ መስኮቱ ሄደ። ግንባሩን አየ፤ ጆሮውን አየ፤ ጭብጥ ያለችውን መዳፍ ዘርግቶ አየ። ገና በተወለደ ልጅ ላይ የሚታይ ነገር እንደሌለ ያውቃል። ቢሆንም አየ።

ደብሪቱ ከአልጋዋ ሆና ጀርባውን ትመለከት ነበር።

«ደሙን...» ብሎ ጀመረ፣ ሳይዞር።

«ዛሬ አይሆንም» አለችው እጇን ዘርግታ። «ስጠኝ፣ ርቦታል።»