ቀይ መስመር በድንጋዮቹ ግርጌ

ፎቶ አንሺው ደግፌ ያነሳው የመጨረሻ ፎቶግራፍ በለንደን ዌምብሊ አዳራሽ ግድግዳ ላይ እስኪሰቀል ድረስ አሟሟቱ አደጋ ነበር። በአፋር በረሃ፣ ጀምበር እንደጠለቀች፣ የድንጋይ ምሰሶዎችን ፎቶ ሲያነሳ ከገደል ወደቀ ተባለ። አስከሬኑ በሂትሮው አየር ማረፊያ ገባ፤ ተቀበረ። ባለቤቱ ሔርሜላ ኪልበርን ባለው አፓርታማዋ መብራት አጥፍታ ትተኛ ነበር።

ለአርባው መታሰቢያ ያንን ፎቶ ግድግዳ የሚሞላ አድርጋ አሳተመችው። በመታሰቢያው ማግስት ከሥራ ስትመለስ በሯ ተሰብሮ የደግፌ ካሜራ ብቻ ተወስዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በቤቷ ያለው መብራት ሁሉ በርቶ ያድራል።

ፖሊስ መርማሪ ዓይናዲስን ላከ።

«ጎረቤት ቁልፍ ሲያዞር እንኳ ትንፋሼን እይዛለሁ፤» አለቻት ሔርሜላ። «የገባው ሰው ያውቀኛል፣ እህቴ። ካሜራው የት እንደሚቀመጥ ያውቃል።»

«በረሃ ከማን ጋር ነበራችሁ?»

«ከታላቅ ወንድሙ ከጋሼ ኪዳነማርያምና ከጓደኛው ከሳዶቅ ጋር። እኔ ድንኳን ውስጥ ነበርኩ። ጩኸት ሰምቼ ሮጥኩ፤ እነሱ ሲደርሱ ገደሉ አፍ ላይ ያገኙት እኔን ብቻ ነው። ጋሼ ገፍተሽዋል ይሉኛል።»

ኪዳነማርያም አልሸሸጉም። «ካሜራውን ራሷ ደብቃ ሌባ ገባ ትላለች!»

«እርስዎስ የት ነበሩ?»

«ከድንኳኑ ጀርባ ስጸልይ። በዚህ ዕድሜዬ አልዋሽሽም፣ ልጄ።»

ሳዶቅም ፎቶ አንሺ ነው። እያነከሰ መጥቶ ወንበር ሳበና ግራ ጉልበቱን መታ መታ አደረገ።

«በዚህ ጉልበት ገደል ወጣህ በይኛ! ሂትሮው ሻንጣ ስጭን ያተረፍኩት ጡረታ ይኼ ነው። እኔ ታች መኪናው ጋ ነበርኩ። ደግሞስ ፎቶውን አላየሽውም? ድንጋይና ሰማይ ነው፤ ሰው የለበትም።»

ዓይናዲስ አዳራሹ ሄዳ ፎቶውን ከጥግ እስከ ጥግ በአጉሊ መነጽር አየችው።

ቅዳሜ ሦስቱንም እዚያው ጠራች። መጋረጃው ተዘግቷል፤ በባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ካሜራ ተተክሏል። ምክንያቱን ሳትነግራቸው አንድ ቀይ የግንባር መብራት ሰጠቻቸው።

«በየተራ አስራችሁ አዳራሹን አቋርጡ።»

የአዳራሹ መብራት ጠፋ። ሔርሜላ ጨለማውን ለመጨረስ እየተጣደፈች ሄደች። ኪዳነማርያም እያጉረመረሙ ተከተሉ። ሳዶቅ በመጨረሻ፣ በጣም በዝግታ ሄደ።

መብራቱ ሲበራ ዓይናዲስ ካሜራው ያነሳቸውን ሦስት ምስሎች አየችና ከግድግዳው ፎቶ ፊት ቆመች።

«ደግፌ በምሽት ሲያነሳ ካሜራው ለግማሽ ደቂቃ ተከፍቶ ይቆያል። በዚያ መሃል የሚራመድ ሰው ፎቶው ላይ አይወጣም። ገዳዩ ይህን ስለሚያውቅ በካሜራው ፊት አለፈ። የግንባሩ መብራት ግን መስመር ይተዋል።»

በጣቷ አሳየች። ከድንጋዮቹ ግርጌ እንደ ክር የቀጠነ ቀይ መስመር ከመኪናው በኩል ተነስቶ ገደሉ አፍ ላይ ያልቃል።

«በካሜራው ትንሽ መስኮት ላይ አይታይም። ገዳዩ እዚህ ሰፍቶ ሲያየው ደነገጠ፤ ካሜራውን ሰረቀ። ዋናው ምስል ግን አታሚው ጋ ቀርቶ ነበር።»

«ቀይ መብራት ማንም ያስራል እኮ!» አሉ ኪዳነማርያም።

«አረማመድ ግን አይዋሱም፣ ጋሼ። መብራቱ በየእርምጃው ከፍ ዝቅ ይላል። የእርስዎና የሔርሜላ መስመር እኩል ሞገድ ነው። የበረሃው ግን አንዱ ሞገድ ከፍ፣ ቀጣዩ ዝቅ ያለ ነው። የሚያነክስ ሰው ነው የሄደው።»

ሳዶቅ ብድግ አለ። «የእኔን እዪው! ቀጥ ያለ ነው!»

«አየሁት። እያነከስክ ገባህ፤ መብራቱ ከበራ በኋላም እያነከስክ ሄደህ ተቀመጥክ። ጨለማው ውስጥ ብቻ ቀጥ ብለህ ሄድክ። መብራቱ ምን እንደሚናገር ገና ለማንም አልነገርኩም ነበር። አንተ እንዴት አወቅክ?»

 ሳዶቅ ጉልበቱን ይዞ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«በስሜ ያሳየኋቸው ፎቶዎች የእሱ ነበሩ፤» አለ። «ለንደን ስንመለስ እናገራለሁ አለኝ።»

ኪዳነማርያም ወደ ሔርሜላ ዞሩ። «ልጄ…» ብለው አንገታቸውን ደፉ።

ሳዶቅን ከአዳራሹ ወሰዱት። በዚያ ሌሊት በሔርሜላ ቤት የበራው የኮሪደሩ መብራት ብቻ ነበር።