የመናፈሻው አዳራሽ ጥበቃ

ጥበቃው ደግፌ ማክሰኞ ጠዋት በአርባ ምንጭ መናፈሻ፣ በንጉሡ ዘመን ተሠርቶ በተተወው የኮንክሪት አዳራሽ ውስጥ፣ የጣሪያ ቁራጭ ደረቱ ላይ ተጭኖ ሞቶ ተገኘ። አፍራሹ ሎደር ከፖሊስ ቀድሞ ደርሶ ነበር።

«ሰክሮ ተኝቶ ሕንፃው ወደቀበት። ፈርሚና እናፍርሰው» አላት የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ ሕዝቅኤል ኢንስፔክተር ወለቴን።

«ባሌ ጠላ እንኳ አይቀምስም!» ጮኸች ልክነሽ። «እንዴት እንደሞተ ሳላውቅ አልቀብረውም።»

የወለቴ ደም ፈላ። ስልሳ ዓመት አንድ ባልዲ ሲሚንቶ የነፈጉትን ሕንፃ ዛሬ ነፍሰ ገዳይ ይሉታል! ጎንበስ ብላ አየች። ደም የለም። የኮንክሪቱ ብናኝ ከሬሳው ሥርም ተነጥፏል፤ ጣሪያው የወደቀው ሰውየው እዚያ ከመተኛቱ በፊት ነው። አፍንጫው ውስጥ ጥቀርሻ አለ።

ከአዳራሹ ጀርባ ነጋዴው ካሱ ከላንቴ ቀበሌ የሚያመጣውን ሙዝ የሚያበስልበት መስኮት አልባ ክፍል ነበር። ሙዙ በጭሱ እንዲበስል የላምባ ቡታጋዝ ተለኩሶ በሩ ዙሪያውን በጭቃ ይመረጋል፤ ሦስት ቀን አይከፈትም።

«መቼ መረግኸው?» አለችው ወለቴ።

«ቅዳሜ፣ እህቴ። ጭቃውን የምታቦካልኝ ልክነሽ ናት።»

«ከዚያ ወዲህ ከፍተኸዋል?»

«አብጃለሁ እንዴ? ሙዙ ሊበላሽብኝ!»

ወለቴ ጭቃውን በጣቷ ነካችው፤ እርጥብ ነው። በሩን አስከፈተች። ሙዙ ገና አረንጓዴ፣ ቡታጋዙ የጠፋ፣ ላምባው ግን አላለቀም።

ከሟቹ ሌላ የመናፈሻው ቁልፍ ያላቸውን ሦስቱን፣ ሕዝቅኤልን፣ ካሱንና ልክነሽን፣ በሩ ላይ ሰበሰበች።

«ደግፌ የሞተው እዚህ ታፍኖ ነው። ገዳዩ ሬሳውን ሊያወጣ ሲገባ ጭሱን ፈርቶ ቡታጋዙን አጠፋ። ሬሳውን ወደ አዳራሹ ጎትቶ የጣሪያውን ቁራጭ ጫነበት፤ በሩንም መልሶ መረገ። ካሱ ወይም ልክነሽ ቢሆኑ ቡታጋዙን መልሰው ይለኩሱት ነበር፤ ያለ እሱ ሙዝ እንደማይበስል ያውቃሉ። ሥራውን ከውጭ ብቻ ያየ ሰው ግን የሚያውቀው ጭቃውን ብቻ ነው። አቶ ሕዝቅኤል፣ ደግፌ አዳራሹን ለማፍረስ አላስረክብም ብሎዎት ነበር፣ አይደል?»

ሕዝቅኤል ላቡን ጠረገ። «ላስፈራራው ብዬ ነው እሑድ ማታ የዘጋሁበት… በማግስቱ ስመለስ…»

የወለቴ ስልክ ጠራ፤ አለቃዋ ነው።

«ጉዳዩ አደጋ ተብሎ ተዘግቷል። ሎደሩን አሳልፊ።»

«ሰውየው አምኗል እኮ፣ ጌታዬ!»

ስልኩ ተዘጋ። ወለቴ ሎደሩ ፊት ቆመች፤ የራሷ ፖሊሶች እጇን ይዘው ገለል አደረጓት። ክፍሉ ከነጭቃው ተደረመሰ።

ልክነሽ ወደ ሕዝቅኤል ተጠጋች። «ክፈትልኝ ሲልህ ሰምተኸዋል?»

ሕዝቅኤል መኪናው ውስጥ ገብቶ መስታወቱን ዘጋ።