ሁለት መስመርና አንድ ሶፋ

ሶፋ ሠሪው መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ መጀመሪያ በመስታወቱ አሻግሮ ያያል። ሰው ካለ አይገባም። ደንበኛው ሁሉ ወጥቶ ሲያልቅ ሹልክ ብሎ ይገባና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያንን ነገር» ይላል። ያ ነገር የእርግዝና መመርመሪያ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ፋርማሲስቷ «ለባለቤትዎ ነው?» ብላ ጠይቃው ነበር። ሳል ያዘው። ሳሉ ሲለቀው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እሷም በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ ሰጠችው። እጅጌው ላይ የስፖንጅ ብናኝ ነበር፤ ጣቶቹን መርፌ ጫጭሯቸዋል።

«አመሰግናለሁ ዶክተር» አለ። ዶክተር አለመሆኗን ብትነግረውም ዶክተር እንዳላት ቀረ።

ወር በወር እየተመላለሰ ገዛ። ፊቱን ስታይ ታውቃለች፤ ውጤቱ አሁንም አንድ መስመር ነው፣ እርግዝና የለም። ታዝንለታለች። እውነቱ ይነገር ከተባለ ግን ነገሩ ከማዘን አልፏል። የሰው ባል መሆኑን እያወቀች በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች። «ምን ነካኝ?» እያለች ልቧን ትቆጣለች፤ ልቧ ግን አይሰማትም።

አንድ ቀን ሌላ ዓይነት መመርመሪያ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችለት።

«መጨረሻውን ብቻ ከምትጠብቁ ይሄ ይሻላል። እንቁላል የሚወጣበትን ጊዜ አስቀድሞ ያሳያል። ሁለቱ መስመሮች እኩል ከደመቁ፣ ባልና ሚስት መገናኘት ያለባቸው ሁነኛው ጊዜ ደረሰ ማለት ነው። ገባዎት?»

«ገብቶኛል።»

አልገባውም። እሷ ስታስረዳ እሱ ዓይኖቿን እያየ ነበር።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ፣ መድኃኒት ቤቱ ጢም ብሎ በሞላበት ጠዋት፣ በሩን በርግዶ ገባ። ወረፋውንም ሹክሹክታውንም ረስቷል።

«ዶክተር! ሁለት መስመር! ሁለት!»

ልቧ ስንጥቅ አለ። እንደምንም ፈገግ ብላ «እንኳን ደስ አለዎት» አለችና መመርመሪያውን ተቀበለችው። አየችው። ደግማ አየችው።

«ይሄ እኮ እርግዝና አይደለም! የሰጠሁህ የእንቁላሉን ነው። ቀኑ ገና ዛሬና ነገ ነው። እዚህ ምን ትሠራለህ? ሂድ እንጂ ወደ ሚስትህ!»

ወረፋው በሳቅ አውካካ። አንቱታው የት እንደገባ ሁለቱም ልብ አላሉም። እሱ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ምን ይገትርሃል?»

«ሚስት የለኝም።»

«ታዲያ ይሄ የማን ነው?»

«የእህቴ ነው። ከአማቷ ጋር ነው የምትኖረው። ሴትየዋ ከፊቷ በፊት ሆዷን ነው የምታየው። ለማንም ትንፍሽ እንዳልል እህቴ በእናታችን አስምላኛለች።»

ይህን ሁሉ ያለው በሙሉ ወረፋ ፊት መሆኑ ትዝ ሲለው አፉን በእጁ ያዘ። ከወረፋው መሃል አንዲት አሮጊት «እኛ ምንም አልሰማንም ልጄ» አሉት። «ይልቅ ባሏ የት ነው?»

«የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከሰዓት መንገድ ይወጣል።»

«አስቀረዋ!» አለች ፋርማሲስቷ።

እዚያው ቆሞ ደወለ። «አትውጣ፣ ሰው ተካ... ኧረ ማንም አልሞተም! እንዲያውም ተቃራኒው ነው!»

ፋርማሲስቷ ወደ መደርደሪያው ዞራ በእጇ አፏን ሸፍና ሳቀች። በሹፌሩ አልነበረም የምትስቀው። «ሚስት የለኝም» የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ይደጋገም ነበር።

እህቱ ወዲያው አላረገዘችም፤ በመጀመሪያው የሚቀናው ስንቱ ነው? እስከዚያው ሶፋ ሠሪው ሳያመው የራስ ምታት ክኒን ገዛ፣ ሳይቆረጥ ፕላስተር ገዛ። በመጨረሻ አንድ ቀን እህትየው ራሷ መጣች። የያዘችው ትክክለኛውን መመርመሪያ ነበር፣ ከሁለት መስመር ጋር። ፋርማሲስቷን በባንኮኒው ላይ ተንጠራርታ አቀፈቻት።

የዚያን ዕለት ሲመሽ ወንድምየው ፋርማሲስቷን ወደ ቤቷ ሸኛት።

«አንድ የምነግርሽ ነገር አለኝ።»

«መጀመሪያ የኔን ስማ» አለች። «ታጭቼ ነበር። ሐኪም ልጅ ሊዘገይብሽ ይችላል፣ ላይመጣም ይችላል አለኝ። ሰውየው ይሄን ሲሰማ ቀለበቱን መልሶ ወሰደ። ለሰው ሁሉ መመርመሪያ እሸጣለሁ፤ ለራሴ ይዤ ቤት መግባት ግን እፈራለሁ። አንተ ደግሞ ለእህትህ እንኳ እንዲያ የሆንክ ሰው፣ ለራስህማ...»

እጅጌው ላይ ያለውን ስፖንጅ እየለቀመ ቆየ። እሷ አበቃ ብላ ቦርሳዋን አጥብቃ ያዘች።

«ለሰው ስሠራ ነው የኖርኩት፣ ለራሴ ሶፋ የለኝም» አለ በመጨረሻ። «አሁን እሠራለሁ። ለሁለት ሰው የሚበቃ። ሦስተኛ ከመጣ እንጠጋጋለን።»

አለቀሰች። እያለቀሰችም «ቀለሙን የምመርጠው እኔ ነኝ» አለች።

ተጋቡ። ሶፋው አረንጓዴ ሆነ። እህትየው ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃኗ ሶፋው ላይ ወተት አቀረሸችበትና ሶፋ ሠሪው ጨርቁን አልቀይርም ብሎ ድርቅ አለ።

አንድ እሑድ ጠዋት ፋርማሲስቷ ለራሷ ያመጣችውን መመርመሪያ ይዛ መታጠቢያ ቤት ገባች። በጥቁር ፌስታል አልጠቀለለችውም። ስትወጣ ባሏ ሶፋው ላይ እየጠበቃት ነበር።

«አንድ መስመር ነው» አለች።

ተቀብሎ አየውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እንደገና እንደሚሞክሩ፣ ሐኪም ዘንድም አብረው እንደሚሄዱ ቀድመው ተነጋግረዋል።

«ነይ፣ ተጠጊ» አላት።

ቦታው ሰፊ ነበር። እሷ ግን ጥግት ብላው ተቀመጠች።