የሦስት ሰዎች ኮት

ሟቹ ከረባቱን አሳምሮ አስሯል፤ ጫማውን ወልውሏል፤ ኮት ግን አልለበሰም።

መርማሪው ከሁሉ አስቀድሞ ያየው ይህን ነው። ሠላሳ ዓመት በሥራው ላይ ቆይቷል፤ ቃል ቆጥቦ የሚናገር ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ አስከሬኑን በጥቂቱ ገለበጠው። ሰማያዊው ሸሚዝ ከወገቡ በላይ፣ በጀርባ በኩል፣ ነጭ ኖራ ነክቶታል። ደረቱና ጉልበቱ ንጹሕ ነው። ቀና ብሎ ባለ ሦስት ፎቁን ቤት አየ። የሰገነቱ መከለያ ግንብ አዲስ ኖራ ተቀብቷል።

«ትናንት ማታ ነው ያስቀባሁት» አሉ ባለቤቲቱ። ተከራዮቻቸው እትዬ ይሏቸዋል። «አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቆሻሻ ልደፋ ስወጣ እዚህ ወድቆ አገኘሁት። ከእኔ በፊት ማንም አላየውም። እኔ ስጮህ ነው ሰው የወጣው።»

«ሰገነት ላይ ምን ይሠራል?»

«የኢንተርኔት ኔትወርክ ይጠብቃላ! ከውኃ ታንከሩ ጎን ካልሆነ አይገባም። ሦስቱም ተከራዮቼ ጠዋት ጠዋት እንደ ቁራ እዚያ ይደረደራሉ። የሥራ ማስታወቂያ ያያሉ፤ ይጽፋሉ፤ ይወርዳሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ!»

ሦስቱ የንድፍ ባለሙያዎች ናቸው። መሥሪያ ቤታቸው ሲዘጋ በአንድ ቀን ተሰናበቱና አንድ ክፍል ተከራዩ። ከዚያ ወዲህ ማኅበራዊ ገጽ ላይ ሥራ ይፈልጋሉ።

የመርማሪው ስልክ ጮኸ። አለቃው ነው።

«ሥራ አጥ ነው አይደል? ራሱን ገደለ በልና እስከ ቀትር ዝጋው።»

«እሺ ጌታዬ» አለ መርማሪው። አልዘጋውም።

የሟቹ እህት የሥራ ጋወኗን እንደለበሰች ደረሰች። የቢሮ ጽዳት ሠራተኛ ነች፤ እጇ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። አላለቀሰችም።

«ወንድሜ ራሱን አልገደለም» አለች። «እንዲህ ተብሎ እንዳይጻፍበት።»

«በምን አወቅሽ?»

«ዛሬ በሦስት ሰዓት የሥራ ቃለ መጠይቅ ነበረው።»

«ሌላስ?»

ሌላ አለ፤ ከንፈሯ ላይ ደርሶ ሲመለስ መርማሪው አየው። እሷ ግን ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም።

መርማሪው ወደ ክፍላቸው ወጣ። ሦስት ፍራሽ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ አንድ ጥቁር ኮት በማንጠልጠያ ተሰቅሏል። እጅጌውን ዳሰሰ። ክርኑ ላይ እርጥብ ነው። ከክሩ መሐል ነጭ ነገር ቀርቷል።

ፍራሹ ላይ ቀብራራው የሚሉት ሁለተኛው ተከራይ ተቀምጧል። ሲያጣም ሲያገኝም ስለሚኩራራ ነው ይህ ስም የወጣለት። ዛሬ ግን ፊቱ ዐመድ መስሏል።

«ኮቱ የማን ነው?»

«የእኔ ነው። ግን የሁላችንም ነው፤ ቀጠሮ ያለው ይለብሰዋል። ገጻችን ላይ ያሉትን ፎቶዎች ይዩዋቸው፤ ሦስታችንም በእሱ ነው የተነሳነው። ቀጣሪዎቹ ቢያስተውሉ ኖሮ ይሄ ኮት ሦስት ራስ አለው ይሉ ነበር።»

«ትናንት በኮቱ ተጣልታችኋል አሉ።»

«እንዳታቆሽሸው አልኩት። ሲቀጥሩኝ አዲስ እገዛልሃለሁ አለኝ። ይሄ ጠብ ይባላል?»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ተኝቼ። ቀጠሮ የሌለው ሰው ምን ብሎ ይነሳል?»

ስልኩን አውጥቶ ሟቹ በደስታ የላከለትን የቃለ መጠይቅ ጥሪ አሳየው። «አድራሻውን ጠዋት እንልክልዎታለን» ይላል መጨረሻው። መርማሪው ሰገነት ወጥቶ የድርጅቱን ገጽ ከፈተ። አንድ ሰፊ ቢሮ በፎቶ ይታያል። ወለሉ ያበራል፤ ወንበሮቹ ጠረጴዛዎቹ ላይ ተገልብጠው ተቀምጠዋል። ፎቶውን ብዙ አየው።

ሲመለስ ሦስተኛው ተከራይ ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። ሁለቱንም ወጣቶች ሙያውን ያስተማሩ፣ ሃምሳ አራት ዓመት የሞላቸው ሰው ናቸው። ጋሼ ይሏቸዋል።

«ዕድሜህን ከገጹ ላይ አጥፋ አሉኝ፤ አጠፋሁ» አሉ ጋሼ። «ከፊቴ ላይ ግን ማን ያጥፋልኝ?»

«ሟቹ ጎበዝ ነበር?»

«ገጹ ላይ የምስክርነት ቃል የጻፍኩለት እኔ ነኝ። እንደ እሱ ያለ እጅ አላየሁም ብዬ።»

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እርስዎስ ስንት ማመልከቻ ላኩ?»

«ሁለት መቶ ሰባት። መልሱ ይቅርና፣ አንዱም እንኳ ተነቧል አይልም።»

«ዛሬ ሰገነት ወጥተው ነበር?»

«አልወጣሁም። ታች ገላዬን ስታጠብ ነበር።»

አምስት ሰዓት ላይ መርማሪው እትዬን፣ ሁለቱን ተከራዮችና እህቲቱን በዚያችው ክፍል ሰበሰባቸው። እህቲቱ በሩ አጠገብ ቆመች።

«ራሱን የሚጥል ሰው ፊቱን ወደ ባዶው ያዞራል» አለ። «ግንቡ ላይ ሲወጣ ኖራው ጉልበቱን ይነካዋል። የዚህ ልጅ ኖራ ጀርባው ላይ ነው። ግንቡን ተደግፎ ከሰው ጋር ፊት ለፊት ሲነጋገር ተገፍትሯል።»

እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«የኮቱም ክርን ኖራ ነክቶታል፤ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጓል። ግንቡ የተቀባው ትናንት ማታ ነው። እንግዲህ ኮቱ ዛሬ ጠዋት ሰገነት ላይ ነበር። ልጁ አድራሻውን ሊጠብቅ ለብሶት ወጣ። ኮቱ በደረጃ ወረደ፤ ልጁ በደረጃ አልወረደም። ታዲያ ማን አወረደው?»

«ኮት ምን ያደርግለታል ለገዳይ?» አሉ እትዬ።

«ሌላ ቤት ቢሆን ምንም። እዚህ ግን ኮቱ አንድ ነው። ኖራ ነክቶሃል፣ አውልቅና ልጥረግልህ አለው። ልጁ አምኖ አወለቀ። ከዚያ ገፈተረው። ኮቱን ያተረፈው በሦስት ሰዓት ሊለብሰው ስላሰበ ነው።»

ሁሉም ወደ ቀብራራው ዞሩ።

«እኔን ነው? በገዛ ኮቴ?»

«ባለቤቱማ ማታውኑ አልሰጥም ቢል ይበቃው ነበር» አለ መርማሪው። ከዚያ ወደ እህቲቱ ዞረ። «እህቴ፣ ቢሮ ውስጥ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ የሚገለበጡት መቼ ነው?»

«ስንወለውል» አለች በቀስታ።

«ያን ጊዜ ማን አለ?»

«እኛ ብቻ።»

«የድርጅቱ ፎቶ የተነሳው ያን ጊዜ ነው። ባለቤቱ ቢሮውን እንዲህ ሆኖ አያየውም።»

እህቲቱ ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች።

«ድርጅት የለም» አለች። «ገጹን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ወር መኖር ሰለቸኝ አለኝ። አንድ ሳምንት እንኳ ይሳቅልኝ ብዬ ነው። ዛሬ በሁለት ሰዓት ቀጠሮው ተራዝሟል ብዬ ልጽፍለት ነበር።»

«ከዚያስ?»

«እንደገና አራዝመው ነበር።»

«ወደ ገጹ የሚጻፈው ላንቺ ይደርሳል። ዛሬ ምን ደረሰሽ?»

ስልኳን ሰጠችው። መርማሪው ድምፁን ሳይለውጥ አነበበ።

«ዛሬ የቀጠራችሁት ወጣት አይመጣም። ሙያውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አድራሻውን ላኩልኝ፤ በእሱ ቦታ በሰዓቱ እገኛለሁ።» ቀና አለ። «አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ተልኳል። እትዬ ሬሳውን ያገኙት አንድ ሰዓት ተኩል ነው። የኢንተርኔት ኔትወርክ ያለው ደግሞ ሰገነቱ ላይ ብቻ ነው። አይመጣም ብሎ ለመጻፍ፣ ጋሼ፣ ከሁላችን ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።»

ቀብራራው ተነሳ። ካወቃቸው ጀምሮ እርስዎ ሲላቸው ኖሯል።

«አንተ!» አለ።

ጋሼ አላዩትም። እህቲቱን ነው የሚያዩት።

«ቦታው የለም ማለት ነው?»

«የለም።»

«መልእክቴን ግን አንብበሽዋል?»

«አንብቤዋለሁ።»

«ሁለት መቶ ስምንተኛው ነው» አሉ ጋሼ። «የተነበበልኝ እሱ ብቻ ነው።»

እጃቸውን ራሳቸው ዘረጉ። ካቴናው ሲቆለፍ ዓይናቸው ኮቱ ላይ ነበር።

ሰዉ ከወጣ በኋላ መርማሪው ከእህቲቱ ጋር ዋናው መንገድ ድረስ ወጥቶ ቅጹን ሞላ።

«በሰው እጅ ሞተ ተብሎ ተጽፏል» አላት።

«ቀድሜ ብናገር በምን ሰበብ እንደሞተ መናገር ሊሆንብኝ ነበር» አለች። «የእኔን የውሸት ጥሪ አምኖ ነው የሞተው።»

ስልኳ መርማሪው እጅ ላይ ነዘረ። ገጹን አየ። በሳምንቱ ውስጥ ሰው እየተቀባበለው ስድሳ አንድ የሥራ ማመልከቻ ደርሶበታል። ስድሳ አንድ የማያውቃቸው ሰዎች፣ ወንዱም ሴቱም፣ ፎቶዎቻቸው ላይ ኮት ለብሰው ካሜራውን ያያሉ።

«ዝጊው» ብሎ ስልኳን መለሰላት።

ጣቷን የስልኩ መስተዋት ላይ አሳረፈች፤ ግን አልተጫነችውም።

«መልስ ሳልሰጣቸው?» አለች።