ግራጫዋ መኪና

«በዚህ ዕድሜህ ግራጫ መኪና አማረህ» አሉ እትዬ ጠይባ የባላቸውን ትራስ እያቃኑ። «ቢጫዋ ምን ሆነችብህ?»

ጋሼ ኩመራ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እግራቸው እስከ ጭናቸው በጀሶ ታስሯል። ፈድሊያ ከልጃቸው፣ ከጓደኛዋ ከሳቢሪን ጎን ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ምንጣፉን ብቻ ታያለች።

አደጋው የደረሰው ባለፈው ሳምንት ጠዋት ነው። ጋሼ ኩመራ ሰው ጭነው ከሸቤ ወደ ጅማ ሲመጡ መንገዱን ጉም ሸፍኖት ነበር። ከፊት ለፊት የሚመጣ የጭነት መኪና ሌላ መኪና ልቅደም ብሎ ወጣና ገጫቸው። ሹፌሩ፣ ወላሂ ባዶ መንገድ መስሎኝ ነው፣ መኪናዋ ከጉሙ ጋር አንድ ሆነችብኝ ብሎ ለትራፊኩ ተናገረ። ተሳፋሪዎቹን አላህ አተረፋቸው። ጋሼ ኩመራ ግን ተመልሰው ይንዱ አይንዱ ሐኪሙም አላወቀም።

ሳቢሪን አባቷን ተቀይማለች። ፋራ ላለመባል ብሎ ነው እንዲህ የሆነው እያለች ትምህርት ቤት ስታወራ ፈድሊያ ዝም ትላለች። ሶላት ላይ ስትቆም እንኳን ነገሩ አይለቃትም።

ከአደጋው በፊት ጋሼ ኩመራ መንደራ ቆጪ ሰፈር ወዳለው የፈድሊያ ወንድም የኢርፋን የመኪና ቀለም ቤት የመጡት መኪናቸውን እንደ ድሮው ቢጫ ሊያስቀቡ ነበር። ቢጫ አልቋል። ኢርፋን ሥራው እንዳያመልጠው ከሌላ መኪና የተረፈውን ግራጫ እንድታስመርጣቸው ስታግዘው የነበረችውን ፈድሊያን በዓይኑ ጠቀሳት። ጋሼ ኩመራ በጉም ጊዜ ይታያል ወይ ብለው ጠየቋት።

«ጋሼ ደግሞ፣ አሁን ሙድ ያለው ግራጫ እኮ ነው። በደንብ ይታያል» አለቻቸው።

«አንቺ ካልሽማ ይሁን፣ ልጄ» አሏት።

እትዬ ጠይባ ወደ ፈድሊያ ዞሩ። «አንቺ እዚያ ነበርሽ አይደል? እስቲ ማሎ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ማን ነው ግራጫ ይሁን ያለው?»

«እኔ ነኝ አልኩሽ እኮ» አሉ ጋሼ ኩመራ። «ልጅቷን ተያት።»

ፈድሊያ ቀና ስትል ተይው እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁላት። ዝም ብትል ማንም ዳግመኛ አይጠይቃትም። ሳቢሪን እጇን ይዛታለች።

«ቢጫ አልቆብን ነበር» አለች ፈድሊያ። «ግራጫውን ያስመረጥኳቸው እኔ ነኝ። ይታያል ብዬ ዋሸኋቸው።»

 ሳቢሪን የፈድሊያን እጅ ለቀቀች፤ ትንሽ ቆይታም ከፍራሹ ተነስታ አባቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ፈድሊያ በሩን አየችው። ግን አልተነሳችም።