በውሃ ብቻ

«ቁሚ፣ እንዳትረግጫት» አለች ቆጣሪ የጓደኛዋን ክንድ ይዛ።

ከጫማቸው ፊት፣ ወንዙ ዳር በተኛው ጸጥ ያለ ውሃ ላይ፣ አንዲት እግረ ረጅም ነፍሳት ለመቆም ትታገል ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን እነዚህ ነፍሳት ውሃውን እንደ መስታወት እየረገጡ ይሮጡበታል፤ ልጆቹም «ተንሸራታቾች» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። ዛሬ ግን መጀመሪያ የፊት እግሮቿ ሰጠሙ፤ ቀጥሎ ሆዷ ገባ፤ ከዚያ ሁለመናዋ ወደ ታች ወረደ።

«እነዚህ ደግሞ ይሰጥማሉ እንዴ?» አለች ጓደኛዋ።

ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ጠዋት በመጣ ቁጥር፣ ለትምህርት ቤታቸው የሳይንስ ክበብ የወንዙን ነፍሳትና ዓሣ ሲቆጥሩ እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም። በዚህ ቆጠራ የተነሳ የክፍሉ ልጆች «ቆጣሪ» ብለዋታል። «የውሃ ነሽ የመብራት?» እያሉ ሙድ ይይዙባታል። ጓደኛዋን ደግሞ በጉንጮቿ ምክንያት ጉንጮ ይሏታል። ሁለቱም አሥራ አምስት ዓመታቸው ነው።

ዝቅ ብለው ሲያዩ የባሰ ነገር ነበር። ገና እግር ያላወጡ የእንቁራሪት ልጆች ሆዳቸውን ወደ ላይ ሰጥተው ተንሳፍፈዋል። ትንንሽ ዓሦች አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ቆጣሪ መቁጠር ጀመረች። ስልሳ ላይ ስትደርስ ተወችው።

«ከቦዩ ቢሆንስ?» አለች ጉንጮ፣ ከፍ ብሎ ከሳሩ መሀል ወደ ወንዙ የሚገባውን የሲሚንቶ ቦይ በአገጯ እያሳየች። ቦዩ የሚመጣው ከእሳት አደጋ ማሠልጠኛው ሜዳ ነው። «ሐሙስ ሐሙስ ይለማመዱ የለ? የእሳት ማጥፊያ አረፋቸው እዚህ ገብቶ ቢሆንስ?»

«አባቴን እጠይቀዋለሁ።»

«ሄደን ብናየውስ? እዚህ እኮ ነው።»

«አባቴን እጠይቀዋለሁ አልኩሽ።»

አባቷ የማሠልጠኛው ኃላፊ ነው። አንገቱ ላይ፣ ከጆሮው በታች፣ ቆዳው የተጨማደደበት ቦታ አለ፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከነበረ ቃጠሎ ሁለት ልጆች ሲያወጣ ያገኘው ነው። ቆጣሪ ትንሽ ሳለች እንቅልፍ የሚወስዳት ያንን ቦታ እየዳሰሰች ነበር።

ቤት ስትገባ ምሳ ጠረጴዛ ላይ አገኘችው። ደብተሯን ከፍታ፣ እስክሪብቶዋን ይዛ ጠየቀችው። «አባዬ፣ ሐሙስ በአረፋ ነው የተለማመዳችሁት?»

ጉርሻውን ዋጠ። «በውሃ ብቻ» አለ። «አረፋ ከተነካ ወር አልፎታል። የቦዩም መዝጊያ ተዘግቷል። ምነው?»

ነገረችው። ራሱን ነቀነቀ። «ከላይ የሚመጣ ነገር ይሆናል» አለ።

ከላይ ያለው ላቫጆው ነው። ከቦዩ ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ከፍ ብሎ፣ አንዲት ሴትዮ ከሁለት እህቶቿ ጋር መኪና የምታጥብበት ቦታ። የሳሙናው ውሃ በቱቦ ወደ ወንዙ እንደሚወርድ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ቆጣሪ እሑድ ከሰዓት ሪፖርቱን ስትጽፍ «ሊሆን የሚችል ምክንያት» በሚለው ሥር «ላቫጆው» ብላ ጻፈች፤ ቀጥላም «የማሠልጠኛው ኃላፊ አረፋ እንዳልተጠቀሙ አረጋጠዋል» አለች። አባቷ ከኋላዋ ቆሞ ሁሉንም አነበበና አንዲት ቃል ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«‹አረጋግጠዋል› በአንድ ‹ገ› አይደለም።»

አስተካከለችው። «ጎበዝ» ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

የባዮሎጂ መምህሯ ሪፖርቱን ከሞቱት ዓሦች ፎቶ ጋር ለአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ላኩት። የቢሮው ሰዎች መጡ፤ የላቫጆውን ቱቦ አዩ፤ ወደ ማሠልጠኛውም ስልክ ደወሉ። ሐሙስ ዕለት የላቫጆው በር ላይ የማሸጊያ ወረቀት ተለጠፈ። ክፍል ውስጥ ተጨበጨበላት። ጉንጮ ግን አላጨበጨበችም።

አርብ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስትወጣ የላቫጆው ሴትዮ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። የጎማ ቦት ጫማዋን እንዳደረገች ነው፤ የምታጥበው መኪና ባይኖርም።

«ቆጣሪ የሚሉሽ አንቺ ነሽ?»

ቆጣሪ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «አዎ፣ እትዬ።»

«አልጮህብሽም፣ አትፍሪ። ነይ አንድ ነገር ቁጠሪልኝ። ከዚያ ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ።»

ሴትዮዋ ቀደም ብላ፣ ቆጣሪ ተከትላት ሄዱ። በታሸገው በር ጎን ዞረው፣ በጓሮ በኩል ወደ ወንዙ ወረዱ። ከቦዩ በላይ ያለው ዳር እሾህ ስለሚበዛበት ልጆቹ እዚህ መጥተው አያውቁም። ሴትዮዋ ከቱቦዋ አፍ ሃያ እርምጃ ያህል ዝቅ ብላ ቆመች።

«በይ እይ።»

ውሃው ላይ ተንሸራታቾች ይሮጣሉ። አንዷ ሌላዋን ታባርራለች። ከሥር የእንቁራሪት ልጆች ድንጋይ ይልሳሉ። ዓሦቹ በቡድን ሆነው ጥላዋን ሲያዩ ሸሹ። ቆጣሪ አልቆጠረችም፤ መቁጠር አላስፈለጋትም።

«የኔ ሳሙና ንጹሕ ነው አልልሽም» አለች ሴትዮዋ። «ሳሙና ሳሙና ነው። ግን የኔ ቢሆን መጀመሪያ የሚሞተው እዚህ ያለው ነው። ይኼን ለማወቅ ተማሪ መሆን አያስፈልግም። አንቺ ደግሞ ተማሪ ነሽ።»

«አላየሁትም ነበር፣ እትዬ።»

«እሱማ አላየሽም።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እህቶቼ ጠዋት ተነስተው የሚሄዱበት ጠፍቷቸው ቁጭ ብለዋል። ሳትመጪ ጻፍሽብን። የከፋኝ እሱ ነው።»

ቆጣሪ እሾሁን በቦርሳዋ እየገፋች በዳሩ ወደ ታች ሄደች። ቀሚሷ ሁለት ቦታ ተቀደደ። ቦዩ አፍ ስትደርስ ሳሩ ላይ የደረቀ ነጭ ነገር አየች፤ እንደ ተላጠ ቀለም ቅርፊት ሆኖ ከሳሩ ላይ ተጣብቋል። በቦዩ ውስጥ ቀና ብላ ተመለከተች። የብረት መዝጊያው ወደ ላይ ተስቦ፣ እንዳይወርድ ሥሩ ድንጋይ ተደርጎበታል።

አባቷን ግቢ ውስጥ አገኘችው፤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሥራ ቦት ጫማውን ቀለም ይቀባል። እናቷ ሆስፒታል ተረኛ ስለነበረች ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ቦርሳዋን ሳታወርድ ፊቱ ቆመች።

«መዝጊያው ተከፍቷል» አለችው።

ቀሚሷን አየ። ቡሩሹን አስቀመጠ።

«ጊዜያቸው ያለፈ የአረፋ በርሜሎች ነበሩ» አለ። «በልምምድ ጨርሷቸው ተባልን። ማጠራቀሚያው ገንዳ በዝናቡ ሞልቶ ነበር። አረፋው የሚሄድበት ሲያጣ መዝጊያውን ከፈትኩት።»

«አንተ ራስህ?»

«እኔ ራሴ። እንደ ሳሙና ነው፣ ባንድ ቀን ይሄዳል ብዬ ነው።»

«ቲቸር አስረድታናለች። ሳሙናም አረፋም ተንሸራታቾቹን ውሃው ላይ የሚያቆማቸውን ኃይል ነው የሚያጠፋው፤ ለዚያ ነው የሰጠሙት። ዓሦቹ የሚተነፍሱትን አየርም ይጨርስባቸዋል። ደግሞ አንዳንዱ የአረፋ ዓይነት ለዓመታት አይጠፋም አለች። ዓሣው ውስጥ ይገባል። ዓሣውን የሚበላው ሰው ውስጥም።» ቦርሳዋን አወረደች። «ይኼን አታውቅም ነበር?»

እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ።

«በርሜሉ ላይ ተጽፏል» አለ። «ወንዝ እንዳይገባ ይላል። አንብቤዋለሁ።»

ቆጣሪ «አላውቅም ነበር» እንዲላት ምን ያህል እንደጠበቀች የገባት ያን ጊዜ ነው። ያንን ቢል ይቅር ልትለው ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው።

«ለምን ዋሸኸኝ ታዲያ?»

«ደብተር ከፍተሽ፣ እስክሪብቶ ይዘሽ ስትጠይቂኝ…» ትከሻውን ነቀነቀ። «ልጄ ሳትሆኚ መርማሪ መጣብኝ መሰለኝ። አንዴ ከአፌ ወጣ።»

«እሺ፣ አንዴ ወጣ። እሑድስ? ከኋላዬ ቆመህ ሪፖርቱን አነበብክ። ላቫጆው ብዬ መጻፌን አይተሃል። አንተ ፊደል አረምክልኝ፣ አባዬ። ፊደል።»

አንገቱን ደፋ። የተጨማደደው ቆዳው ተወጠረ።

«የተማሪ ወረቀት ነው፣ እዚያው ክፍል ይቀራል ብዬ ነው። ቢሮው ሲደውልልኝ አንዴ ላንቺ ያልኩትን ደገምኩት። ምን ልበል?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ፣ የኔ ልጅ። ሴትዮዋ ማጣሪያ አስገብታ በሁለት ሦስት ሳምንት ትከፍታለች። እኔ ግን ይኼ ከወጣ ማሠልጠኛው ውስጥ አልቆይም። ሃያ ሁለት ዓመት ነው። ተዪው።»

«ሄደህ ለሷ ንገራት። ‹ሳላጠፋ የታሸግኩት ስለምን ነው› ብላ ብትጠይቅህ የምትመልስላትን መልስ ለኔም ንገረኝ።»

አባቷ ቡሩሹን አንስቶ፣ ቀድሞ የተቀባውን ጫማ እንደገና መቀባት ጀመረ። ቆጣሪ ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ልታለቅስ አስባ ነበር፤ እንባዋ ግን እምቢ አላት። በሃሳቧ ደጋግሞ የሚመጣው እሳት ውስጥ የገባው አባቷ ሳይሆን «ጎበዝ» ብሎ ትከሻዋን የመታው እጅ ነበር። ትከሻዋን በሌላኛው እጇ ጠረገችው፣ አቧራ እንዳለበት ነገር።

ቅዳሜ ጠዋት ጉንጮ ቤት ሄዳ በር አንኳኳች።

«በላቫጆው በኩል ወርደን ከቦዩ በላይም እንቆጥራለን» አለቻት።

ጉንጮ ፊቷን አየቻት። «ነግሬሽ ነበር» የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ሲመለስ ቆጣሪ በግልጽ አየችው። «ጫማ ልቀይር» ብቻ ብላ ገባች።

ከቦዩ በላይ ሰማንያ አራት ተንሸራታቾች ቆጠሩ። ከቦዩ በታች አንድም አልነበረም። የተከፈተውን መዝጊያ፣ ድንጋዩንና ሳሩ ላይ የደረቀውን ነጭ ነገር ጉንጮ በስልኳ አነሳች፤ ቆጣሪ ጻፈች። ሴትዮዋ ከጓሮዋ ሆና ስታያቸው ቆይታ ሁለት ብርጭቆ ውሃ አመጣችላቸው። ምንም አልጠየቀችም፤ እነሱም ገና ምንም አልነገሯትም።

እሑድ አባቷ ቤት ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ዋለ። ሁለት ጊዜ ክፍሏ በር ድረስ መጥቶ ተመለሰ። የእግሩን ኮቴ ሰምታለች። ማታ ራት ላይ «አዲስ ሪፖርት ጽፌአለሁ፤ ነገ ላስገባው ነው፣ እንዳልደበቅሁህ እወቅልኝ» አለችው። እናቷ ሁለቱን እያፈራረቀች አየች። አባቷ ጨው አቀብሉኝ አለ።

ሰኞ ጠዋት ሰልፉ ሳይጀመር የመምህራን ክፍል ገባች። መምህሯ ሻይ እየጠጡ የፈተና ወረቀት ያርማሉ።

«ቲቸር፣ ያስገባሁት ሪፖርት ስህተት ነው። አዲስ ጽፌአለሁ።»

መምህሯ መነጽራቸውን አስተካክለው እስከ መጨረሻው አነበቡት። «ኃላፊው አረፋ መጠቀማቸውንና መዝጊያውን ራሳቸው መክፈታቸውን አርብ ዕለት ነግረውኛል» የሚለው መስመር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ኃላፊው ማን እንደሆኑ ያውቃሉ።

«አባትሽ ይኼን እንደምታስገቢ ያውቃል?»

«ነግሬዋለሁ።»

መምህሯ ቀስ ብለው ሻያቸውን ወደ ጎን ገፉ። «እንዲህ እናድርግ» አሉ። «የአንቺ ስም እዚህ ላይ መኖሩ ግድ አይደለም። የክበቡ ሪፖርት ብለን እናስገባዋለን፤ እኔ እፈርምበታለሁ። ማንም አይጠይቅሽም።»

ቆጣሪ ወረቀቱን አየችው። ከታች «ያዘጋጀው» ከሚለው ቃል ፊት ባዶ መስመር አለ። ደጅ ተማሪዎች መሰለፍ ጀምረው ይንጫጫሉ።

«እስክሪብቶ ይኖርዎታል?» አለች።

መምህሯ ቀዩን ሊሰጧት ብለው ተዉትና ከመሳቢያ ሰማያዊ አወጡላት። ቆጣሪ ጎንበስ ብላ ስሟን ጻፈች። እጇ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ከስሟ ቀጥሎ፣ ሁሌ ደብተሯ ላይ እንደምታደርገው፣ የአባቷን ስም ጻፈች፤ አንድም ፊደል ሳትስት።